አናቴን የተቀባሁት የፀሐይ ክሬም

መርካቶ፣ ግንቦት 11 ቀን 1963 ዓ.ም.

ፋንዬ፣

ጽሑፌ የተንጋደደው ሳቄ አልቆም ብሎኝ ነው። የእሁዱ ሠርግ ሚዜ ስለሆንኩ፣ ፀሐይ ፊቴን እንዳያበላሸው ትናንት ሶማሌ ተራ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ገዛሁ። «አይጎዳም?» ብላቸው ባለሱቁ ጋሼ ጠይብ የራሳቸውን አፍንጫ ቀብተው አሳዩኝ። «ይሠራል?» ስላቸው «ብቻ ብዙ አድርገሽ ተቀቢው» አሉኝ። የት እንደሚቀባ አልጠየቅሁም።

እኛ ደብረ ማርቆስ ፀሐዩ ሲበረታ ቅቤ የምንቀባው አናታችንን አይደል? እኔም ግማሹን ሹሩባዬ ላይ ደፋሁት። ቅቤ ይቀልጣል፤ ይሄ ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ። አውቶቡስ ተራ ስደርስ ተሸካሚዎቹ «እማማ ይለፉ» እያሉ መንገድ ለቀቁልኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከወንበራቸው ተነሥተው «ይቀመጡ እናቴ» አሉኝ። በሃያ ሁለት ዓመቴ! እኔም «እድሜ ይስጥልኝ» ብዬ መርቄያቸው ተቀመጥኩ።

ዛሬ ጠዋት በመስተዋት ሳየው አፍንጫዬ ተልጧል፤ በሹሩባዬ መሐል ያለው ቆዳ ግን ምንም አልሆነ። ክሬሙስ ይሠራል። የተረፈውን አሁን ፊቴን ተቀብቻለሁ።

ቦታ አለቀብኝ። እትዬ ሸዋገነትን ሳሚልኝ። ስመለስ ከወንበርሽ ተነሺልኝ፤ ለምጄዋለሁ።

ሠርኬ