ከሰፈራችን ጀርባ ያለው ቀርከሃ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7
ጫካ አለ! አሶሳ ስኖር አምስት ዓመቴ ነው፤ ከቤቴ አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ የቀርከሃ ጫካ እንዳለ ያወቅሁት ገና ዛሬ ነው። ሐኪሙ ለስኳርሽ ተራመጂ ካለኝ ወዲህ በአስፋልቱ ስሄድ ባጃጅ ጭቃ ይረጨኛል። ዛሬ ተናድጄ በሁለት አጥር መሃል ባለች ቀጭን መንገድ ገባሁ። መጀመሪያ ወንዝ፣ ቀጥሎ ማንጎ፣ ከዚያ ቀርከሃው። ቀዝቃዛ፣ ዝም ያለ፣ ደስ የሚል! ጫካው ጠርዝ ላይ እማማ ሐዋ የሚባሉ የበርታ ብሔረሰብ እናት ይኖራሉ፤ ቀርከሃውን የሚጠብቁትም እሳቸው ናቸው። ለወንድም ለሴትም «አንተ» ነው የሚሉት። «መንገድ የአላህ ነው፣ ሂድ» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8
ሁለት ጊዜ ሄድኩ! ያየሁት፦ ሦስት ጦጣ፤ ስሙን የማላውቀው ሰማያዊ ወፍ፤ ወንዙ ዳር ልብስ የምታጥብ ሴት (ሰላም አለችኝ)። ስኳሬም ወርዷል። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ውስጥ ብቻዬን ከምነጫነጭ ይኼ ይሻለኛል። ወድጄዋለሁ፣ በቃ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9
መንገዱ መሃል ሹል ሹል ነገር በቅሎ ሊጥለኝ ነበር። ለሰፈሩም ይጠቅማል ብዬ የአከራዬን ገጀራ ተውሼ ጠረግሁት። ሃያ ሠላሳ ቆርጫለሁ። ወገቤን አመመኝ፤ ግን ኮራሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10
ወይ ጉዴ! መንገዱ በእሾህ ተዘግቷል። እማማ ሐዋ የቆረጥኩትን በቅርጫት ይለቅማሉ። «ይሄ ልጅ ነው። ቀርከሃ ክረምት ይወልዳል። ልጅ ቆረጠ፣ ቤት ቆረጠ» አሉ። ለካ ያ ሹል ነገር ቡቃያው ነው! ጥቂቱን ለወጥ ይወስዳሉ፤ የቀረው አድጎ አጥርም አልጋም ቤትም ይሆናል። ደብረ ብርሃን ያደግሁ ሰው ይህን ከየት ልወቅ? «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ይባላል፤ እኔን እኮ አወቅሽ ያለኝም የለም።

የባሰው ደግሞ «ይመር ነው፤ ለፍየል ብሎ ቆረጠ። ከዛሬ እኔና እሱ የለም» አሉ። ጋሽ ይመር በሰፈራ ከወሎ የመጡ ጎረቤታቸው ናቸው፤ አርባ ዓመት አጥር ተጋርተዋል። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። «አይዞዎት» ብዬ መጣሁ። በራሴ አፈርኩ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11
አልሄድኩም። በዝናቡ አመካኘሁ። ጋሽ ይመር ሱቅ በር ላይ አገኙኝ። «ሐዋ ሰላምታዬን አልቀበል አለች፤ ምን አድርጌያት ይሆን?» አሉ። የያዝኩትን ሽንኩርት እያየሁ «እንጃ» አልኩ። ትናንት ዝምታ፣ ዛሬ ውሸት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12
ነገርኳቸው። በጠዋት ሄጄ «እማማ፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት፤ አረም መስሎኝ ነው» አልኩ። ከዚያ ተነሡና «ና» ብለው በቀጥታ ጋሽ ይመር ቤት ወሰዱኝ። እዚያም አስደገሙኝ። እያለቀስኩ ተናገርኩ። እማማም «ይመር፣ አፉ በለኝ» ብለው ይቅርታ ጠየቋቸው።

ጋሽ ይመር ሳቁ! «አፉ ብያለሁ። ወላሂ፣ እኔም የመጣሁ ክረምት ቆርጬዋለሁ። ወር ሙሉ አላናገረችኝም።»

«ሁለት ወር» አሉ እማማ ሐዋ።

እኔንስ ስንት ወር ሊቀጡኝ ይሆን አልኳቸው። ቁልቁል እግሬን አዩት።

«ነገ ና። አንተ ፊት ይሄዳል፣ እኔ እግር አያለሁ፤ ልጅ እንዳይረግጥ።»