ማንበቢያው ቻርጅ ላይ ነው

ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ማሙሽ፣

ሥራ ሄጃለሁ። ዳቦው ፌስታል ውስጥ ነው፤ ሳትበላ እንዳትወጣ።

የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያው ከበሩ ጀርባ ቻርጅ ላይ ነው።

ትናንት ከእጅህ የነጠቅኩህ ስላጠናህበት አይደለም። ያንተ ማንበቢያ ስክሪኑ ከተሰበረ ወዲህ የወንድማችንን መውሰድህም አልከፋኝም። እሱ ከሞተ ጀምሮ ግን እዚያው ማንበቢያው ላይ ያለውን የባዮሎጂ መጽሐፉን በየቀኑ እከፍተዋለሁ እንጂ ገጽ ገልጬ አላውቅም። «እኔ ብረሳ እንኳ ይሄ ያቆምኩበትን አይረሳም» እያለ ይኩራራብን አልነበር? ለካ የሚያስታውሰው መጨረሻ የተነበበውን ገጽ ብቻ ነው። አንተ ሦስት ምዕራፍ ስታልፍ የእሱ ቦታ ጠፋ።

ትናንት እስክጮህብህ ድረስ ይህን ነግሬህ አላውቅም። ከየት ታውቅ ነበር?

«እህት ዓለም፣ አንቺ ለሞተ ሰው ገጽ ስትጠብቂ እኔ ፈተና ልውደቅልሽ?» ስትለኝ እጄን አነሳሁብህ። አልመታሁህም።
ግን አንስቻለሁ።

ፈተናህ ነገ ነው። ይዘኸው ሂድ፤ እኔ ስመጣም ትራስ ሥር አትደብቀው።

ከመውጣቴ በፊት እሱ ያቆመበትን ገጽ ወደ ኋላ እየገለጥኩ ፈለግሁ፤ ለይቼ ማወቅ አቃተኝ። አንተ ያቆምክበት ላይ መልሼ ዘጋሁት።