የታጠበው ዘር

ሰኞ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል

ለልጄ አባት፣ ለችኩሉ ሰውዬ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ልጅህ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትናገር ታፏጫለች፤ ያም ሆኖ ወሬዋን አልቀነሰችም። እናትህም ጉልበታቸውን ከማማረራቸው በቀር ደህና ናቸው።

ስትሄድ "ዝናቡ ሲገባ መጥቼ የአባቴን በቆሎ እዘራለሁ" ብለህ ነበር። ይኸው ዝናቡ ሊገባ ነው፤ ዘሩ ግን አይሆንም። ዙሪያ ጥምጥም ከምሄድ ከመጀመሪያው ልንገርህ ብዬ ነው።

ያን ጊዜ ተኳርፈን፣ በቆሎው በደንብ ሳይደርቅ በርሜል ውስጥ ከተህ ክዳኑን ጠርቅመህ ሄድክ። "ጥቂት ፀሐይ ይምታው" ብልህ "ደግሞ ቢሮሽን እቤት ይዘሽ መጣሽ" አልከኝ። እናትህም "ልጄ የዘጋውን ማንም አይከፍተውም" ብለው ድስቶቻቸውን እላዩ ላይ ደረደሩበት።

ባለፈው ሰሞን ከሥራ ስገባ ግቢው በረኪና በረኪና ይሸታል። ለካ እናትህ ለዘር ሊያዘጋጁልህ በርሜሉን ሲከፍቱ፣ በቆሎው አረንጓዴና ሮዝ ሻጋታ ለብሶ ጠብቋቸዋል። ማንም ሳያይ አጥበው፣ አሻሽተው አስጥተውታል። ነጭ ጥርስ መስሏል። "እይው እስቲ፣ ምን ይወጣለታል?" አሉኝ።

የእኔ ሥራ ዘር እያበቀሉ መፈተሽ ነውና በዓይን አይቼ ብቻ ማመን አልቻልኩም። እፍኝ ያህል ይዤ መሥሪያ ቤት ሄድኩና በእርጥብ ወረቀት ጠቀለልኩት፤ ከጎኑም የመሥሪያ ቤቱን ጤነኛ በቆሎ። ጤነኛው ሥሩን እንደ ጢም አንዠረገገው። ያንተው ግን ገሚሱ ጭራሽ አልበቀለም፤ የበቀለውም ድንክ ሆኖ ቀረ፣ የሥሩም ጫፍ ቡናማ ሆነ።

ለእናትህ ስነግራቸው "ታጥቦ የለ እንዴ ልጄ? ሻጋታው የታለ?" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሻጋታው የለም። ነገር ግን ሻጋታ በቆየበት መርዙን ትቶ ይሄዳል፤ ፍሬው ውስጥ ከዘለቀ ደግሞ በበረኪናም አይለቅም። እንዲያምኑኝ ብዬ ከታጠበው ዘር ዘፈዘፍኩና ውሃውን ደጋግሜ አጣርቼ፣ ጤነኛውን በቆሎ በዚያ ውሃ አበቀልኩት። ውሃው ኩልል ያለ ነበር፣ ብታየው ትጠጣው ነበር። ጤነኛው ዘርም አጠረ፣ ሥሩም ጠወለገ። በንጹሕ ውሃ ከበቀለው ጋር ወስጄ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሁለቱንም እያገላበጡ አዩ።

"እንግዲያው እናስፈጨው" አሉ በኋላ። ለዶሮም አይሰጥም ብዬ እንቢ አልኩ። ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን ስናፈሰው "አባቱን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ" ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ያን የአባትህን ዓይነት በቆሎ ያለው ሰው ይኖር እንደሆነ አካባቢውን ሁሉ ጠይቄ ነበር፤ የለም።

ከዚያ እጄን ይዘው ምን አሉኝ መሰለህ? "አትንገሪው ልጄ። ዘሩ ደህና ነው በይው። ዋናው መምጣቱ ነው፣ ከመጣ በኋላ እንደሚሆን ይሆናል።" ልቤ አልፈቀደም ብልህ ውሸት ነው። ይህንኑ ልጽፍልህ ወረቀት ይዤ ተቀምጬ ነበር። ግን መጥተህ፣ ደክመህ አርሰህና ዘርተህ፣ ማሳው ዳር ቆመህ ያንን ድንክ ቡቃያ ስታይ ታየኝ። ያን ፊትህን ማየት አልፈልግም። ስለዚህ እወቀው፣ ብትመጣ የምትዘራው የለህም። እናትህን ግን እንዳትቀየማቸው፤ ያጠቡትም ያሉትም በአንተ ስለማይጨክኑ ነው።

ጉድጓዱን ስንደፍን ልጅህ አጠገቤ ቆማ ነበር። "በቆሎው ከሌለ አባዬ ለምን ይመጣል?" አለችኝ።

"ለእኛ ነው የሚመጣው" አልኳት።

እናትህ ለምነውኝ አንተን ያልዋሸሁህ እኔ፣ ልጅህን ዋሽቻት እንደሆነ አላውቅም። እሱን የምታውቀው አንተ ነህ።

ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ።

አሁንም ባለቤትህ