ለቀነዓ፣ ስለ ጀልባው

ቀነዓ፣
ተኝተሃልና አልቀስቅስህም። የቀበሌው ስኳር ጣሳው ውስጥ አለ፤ ሻይህን ጠጥተህ ውጣ።
የመንጠቆውን ትል ከበሩ አጠገብ እርጥብ አፈር ውስጥ አኑሬዋለሁ።

እነ ጓድ ገሠሠ ዛሬም ጀልባችንን ተከራይተው ዓሣ ሊያጠምዱ ይመጣሉ። ነፋሱ ገና አልበረደምና ትናንት እንደከለከልካቸው ዛሬም ከደሴቱ ጥግ አታውጣቸው። የመልሕቁ ገመድ ሳስቷል፤ ለዛሬ ደርበህ እሰረው።

ትናንት አንተ «ከዚህ አናልፍም» ስትል፣ ጓድ ገሠሠ «ይሄ ፈሪ ደግሞ ማነው?» አሉኝ። እኔም «ተዉት ጓድ፣ ቅጥረኛዬ ነው» ብዬ አብሬያቸው ሳቅሁ። ያውም ጣውላውን አብረን ልገን የሠራነው ጀልባ ላይ ተቀምጬ። መስማትህን ከጀርባህ አወቅሁ፤ መቅዘፍህን ግን አላቆምክም። ማታ ደግሞ እንደ ወትሮው የቆሮሶ ዓሣውን ወፍራም ወገን ወደ እኔ ገፋህልኝ።
ሳልነካው ተነሣሁ።

ካፖርቴን ትቼልሃለሁ፤ ውሃው ላይ ይበርዳል።

ሲመጡ «የጀልባው ባለቤት እኔ ነኝ» በላቸው። ስለ እኔ «የትናንቱ ሰውዬስ የት ሄደ?» ካሉህ፣ «ቅጥረኛዬ ነው፣ ገመድ እንዲገዛ መቂ ልኬዋለሁ» በል።

ሐዲስ