የጠፋው ሠላሳ ስድስት ሺህ ቮልት

ለተከበርከው ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ከባድ ዜና ላረዳህ እገደዳለሁ። የማድ ቤታችን ጠረጴዛ አጭሯ እግር ዛሬ ረፋድ ላይ ድጋፍ አግኝታለች። ድጋፉም ስትሄድ ለእኔ የተውክልኝ፣ እማዬ በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ያኖረችው የፊዚክስ ደብተርህ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ሰንብተሃል? ወገብህስ? ያ ሳልህ ለቀቀህ? ሕሊናህስ እንዴት ነው፣ እንቅልፍ ይወስድሃል? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ግን ከሰኞ ወዲህ «ደህና» የምትለውን ቃል ለሌሎች ትቻታለሁ።

ሰኞ የኮሌጁ ላቦራቶሪ ረዳት የሚቀጠርበት ፈተና ነበር። ቦታው አንድ፣ ለመጨረሻው ዙር የደረስነው ሁለት፤ እኔና የልብስ ሰፊው ልጅ። አዎ፣ እሷው ናት፤ ያልተቀደደ ሸሚዝ ልታሰፋ ደጃፏ ትመላለስባት የነበረችው።

ጥያቄው ሦስት ቻርጆች አንድ ነጥብ ላይ የሚፈጥሩትን ፖቴንሺያል አስሉ ይላል። በቀኝ ፖዘቲቭ ሁለት ማይክሮ ኩሎምብ፣ በግራ ፖዘቲቭ ሁለት፣ ከላይ ኔጌቲቭ አንድ፤ ሁሉም ከነጥቡ አንድ ሜትር ይርቃሉ። እኔም ደብተርህ እንዳስተማረኝ ሰሌዳው ላይ ለእያንዳንዱ ቻርጅ የአቅጣጫ ቀስት ሠራሁ። የቀኙና የግራው ተያይዘው ጠፉ፤ የቀረኝ ኔጌቲቭ ዘጠኝ ሺህ ቮልት ሆነ። ፈታኙ መምህር መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ፣ እሜቴ፣ ለፖቴንሺያል የምን ቀስት ነው፣ አደን ልትወጪ ነው እንዴ አለኝ። እኔ ሞኟ፣ ወንድሜ አይሳሳትም ብዬ ደረቴን ነፋሁ። እሱም እያንዳንዱን ቻርጅ ለርቀቱ አካፈለና ከነምልክቱ ደመረው፤ ሁለት ሲደመር ሁለት፣ ሲቀነስ አንድ፣ ሦስት። በዘጠኝ ሺህ ሲባዛ፣ ሃያ ሰባት ሺህ ቮልት! በአንድ ቁጭ ብድግ ሠላሳ ስድስት ሺህ ቮልት ከገዛ እህቱ የወሰደ ወንድም በሰፈራችን አንተ የመጀመሪያው ነህ።

መሳሳት የሰው ነው ብዬ ዋጥኩት። የሰፊው ልጅ ግን ቦታውን አግኝታ ስትወጣ፣ አይዞሽ፣ ለሌላ ጊዜ ከዚህ አጥኚ ብላ ደብተሯን ዘረጋችልኝ። ጠርዙ ላይ፣ ሰባትን እንደ ከዘራ በሚያጎብጠው ባንተው እጅ ጽሑፍ፣ «የኔ ውድ፣ ቀስቱን እርሺው፤ ተሳስቼ ነበር። አቅጣጫ የለውም፤ ከነምልክቱ ደምሪ» ይላል። ቀኑ ከመሄድህ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ገበታ ቀርበን ስንበላ፣ ጨው አቀብዪኝ ስትለኝ ሳቀብልህ፣ አንተ ያቺን አንዲት መስመር ማቀበል እንዴት ከበደህ? ጎረቤት ቤት መብራት አብርተህ የእናትህን ልጅ በጨለማ ተውካት።

ዘግይቶም ቢሆን ስሌቱ ገብቶኛል። የራቀ ድርሻው ያንሳል እንጂ ዜሮ አይሆንም። አንተም ከዚህ ቤት ድምር አልወጣህም፤ ምልክትህ ብቻ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ተዛውሯል። ለምን እንዳደረግከው ጻፍልኝ፤ ያለ ቀስት፣ በቀጥታ።

እማዬ ሁለቱንም ጉንጭህን ትስማለች፤ ፈተናው ተራዘመ ብያት ስምህን ከመከራ አትርፌዋለሁ። አባዬ ሰላም ብሎሃል፤ ሻዩ ስለተደፋበት ትንሽ እያጉረመረመ ነው። ትንሿ እህታችን ሁለት የፊት ጥርስ ነቅላ ሰላምታዋ ሁሉ በፉጨት ሆኗል።

ከቤታችን፣ ማድ ቤቱ መስኮት ሥር
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ ደብተሩ ለጠረጴዛ ድጋፍ እንደዋለ የተገለጸው ትክክል እንዳልሆነ እናስታውቃለን። ጠረጴዛዋ እንደ ወትሮዋ እየተወዛወዘች ሲሆን፣ ደብተሩ ትራሴ ሥር ይገኛል። ስለ ስህተቱ ይቅርታ የሚጠበቀው ግን ከወዲያ በኩል ነው።