ግልባጭ የሌላቸው ደብዳቤዎች

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ ለሚልክያስ ንጉሤ፤ ጆሃንስበርግ።

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ሱቁ፣ ሰፈሩ ሰላም ነው? ባለቤትህ ሰናይት እንዴት ናት? በፎቶ ብቻ የማውቃት ልጃችሁ ኤፍራታስ አደገች? እኔና አባባ ካንተ ናፍቆት በቀር ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ካረፈች ወዲህ ግን ቤቱ ሰፍቶብናል። የአባባ ጆሮ ጨርሶ ስለደከመ ምግብ ስንበላ እንኳ ዝም ነው።

አዲስ ሥራ ይዣለሁ። የቢሮ ውዳቂ ወረቀት ሰብስበን መልሰን ወረቀት እናደርገዋለን። ዘፍዝፈን እንደ ገንፎ እስኪሆን እንመታውና ለብ ባለ ውሃ ኢንዛይም የሚባል ዱቄት እንጨምርበታለን። እንደ እርሾ ነው በለው፤ ወረቀቱን ከላይ ከላይ እየበላ የያዘውን ቀለም ያስለቅቀዋል። ቀለሙ ከሳሙና አረፋ ጋር ሲወጣ እንገፍፈዋለን። የማተሚያ ቀለም ስለሆነ አረፋው ሁልጊዜ ጥቁር ነው።

አሁን የምነግርህን ስትሰማ አትቆጣኝ። ባለፈው ወር በዝናቡ ምክንያት ከሃና ከተማ ውዳቂ ወረቀት የሚያመጣልን መኪና ቀረና ወረቀት አጣን። አባባም መዝገብ ቤት ሲሠሩ የቀሩትን አሮጌ ወረቀቶች «ውሰጂያቸው» አሉኝ። እኔ ከመደርደሪያው ላይ «ገቢ ደብዳቤ» የሚል ፋይል አይቼ፣ ይሄም የቢሮ ነው ብዬ ጨመርኩት። አባባን ታውቃቸው የለ፤ ጡረታ ወጥተውም ሁሉን በቢሮ ደንብ ነው የሚያስቀምጡት። ሽቦውን ነቅዬ፣ ገጹን ሳላይ ዘፈዘፍኩት። ከሰዓት በኋላ አረፋው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ያንተ እስክሪብቶ ነበር ወንድሜ፤ አሥራ ሰባቱም ደብዳቤህ።

ቤት ገብቼ ጆሯቸው ሥር ጮኼ ነገርኳቸው። «ግልባጭ የለውም?» አሉኝ። የለውም አልኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስልክ አይሰሙ፣ ድምፅህ ለሳቸው እነዚያ ወረቀቶች ነበሩ። እሑድ እኔ መዝሙር ልምምድ ስቆይ፣ ብቻቸውን አንድ በአንድ ያነቧቸው እንደነበር ያን ቀን ነው የነገሩኝ። አሁንም እሑድ መነጽራቸውን ያደርጉና ይቀመጣሉ። እኔም ልምምዱን ትቼ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

ይህ የምጽፍበት ወረቀት ከነሱ የወጣ ነው፤ ትንሽ ሰማያዊ ቢመስልህ ለዚያ ነው። ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልህ ሰው እጅ ስድስት ባዶ ወረቀትም ልኬልሃለሁ። ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ፤ ከጻፍክ ግን ሁለት ዓመት አለፈ። የበላኸውንም ቢሆን፣ የኤፍራታን ጥርስም ቢሆን ጻፍ።

ሰናይትን ሰላም በልልኝ፤ ኤፍራታን ግንባሯን ሳምልኝ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ በጣም ናፍቀኸኛል ብላሃለች። አባባን ምን ልበልልዎት ብላቸው አዲስ ፋይል አወጡ፤ «ገቢ ደብዳቤ፣ ቁጥር 1» ብለው ጻፉበትና ባዶውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

እህትህ ቤቴል ንጉሤ
ጂንካ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.