የቀጠሮ ቀን ክኒን

ጥቅምት 7

ሱቅ ዋልኩ። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የገባችው ሴትዮ መጋረጃ አለቀ። ቡኒ። ፀሐይ በማያገኝ ቤት ላይ ቡኒ... ምርጫው የሷ ነው፣ እኔ ሰፊ ነኝ። ልሰቅልላት ስወጣ ደረጃው መሃል ትንፋሽ አጠረኝና ቁጭ አልኩ። አንዱ ጎረምሳ ቆሞ "እማማ፣ ደህና ነዎት?" አለኝ። እማማ! ገና ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ዝም ብሎ ቢያልፍ ምን ነበረበት?

የሽንት ክኒኗን ዛሬም አልዋጥኳትም። ነገ ፍርድ ቤት ነኝ።

ጥቅምት 8

ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ላይ። ተክለብርሃን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ታላቅ ወንድሜ ነው። ድሮ ጋሼ ነበር የምለው፣ አሁን ተከሳሽ ነው። የአባታችንን ቤት እዚሁ ልደታ ይዞ፣ ሰርቪሱን አከራይቶ፣ እኔን ጌጃ ሰፈር ኪራይ ቤት ያስቀመጠኝ ሰው። ድርሻዬን ስጠኝ ስለው "ሰርቪሱን እኔ ሠርቼው፣ ቤቱን እኔ አድሼው፣ የምን ድርሻ?" አለኝ። እሺ፣ ዳኛ ይንገረን አልኩት።

የተጠራነው ከሰዓት ነው። "ምስክሬ ክፍለ ሀገር ነው" አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። አጭር ቀጠሮ ተሰጠው። ሁሌ አጭር ቀጠሮ። ሰልችቷት ትተወዋለች ብሎ ነው... አልተውም!

ክኒኗን ከዋጥኩ ቶሎ ቶሎ ታስኬደኛለች። ችሎቱ ፎቅ ላይ ነው፣ ሽንት ቤቱ ምድር ቤት። እኔ ደግሞ ደረጃ የምወጣው እያረፍኩ ነው። ታች ሳለሁ ቢጠሩኝስ? ጠበቃ የለኝም። ከሳሽ ጠፍቶ ተከሳሽ ከተገኘ መዝገቡ ይዘጋል፣ አለቀ። ስለዚህ በቀጠሮ ቀን አልውጥም። ቆይቼ ዋዜማውንም መተው ጀመርኩ። አሁን ቀጠሮው ሲደራረብ ሳምንቱንም። ሐኪሙ አያውቅም። ማወቅም የለበትም።

ጥቅምት 19

ጫማዬ እግሬ አልገባ አለ። በነጠላ ጫማ ሱቅ ሄድኩ። ከጎኔ ቅመም የምትሸጠው ዙሃራ እግሬን አይታ ጮኸች።

"በአላህ! ይሄ እግር ነው? ተነሺ ሐኪም ቤት!"

"ሐሙስ ፍርድ ቤት አለኝ።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።"

ተቀየምኳት። ሞኝ እኔ ነኝ? ቤቱን አንቆ የያዘው ማነው? ተደግፌ ካልሆነ መተኛት እንዳቃተኝ ግን አልነገርኳትም። ትራስ በትራስ ላይ ደራርቤ ነው የማድረው።

ጥቅምት 24

ሆስፒታል። ሐሙስ ምስክሩ አሁንም አልመጣም፣ ሌላ ቀጠሮ... ስወጣ በሩ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ዙሃራ ናት በታክሲ ያመጣችኝ። ይኸው በክንዴ መርፌ፣ ከአልጋዬ ስር ባልዲ።

ዶክተር ሚደቅሳ መጣ። ልቤን የሚከታተለኝ እሱ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየኝ።

"ክኒኑን በየቀኑ እየወሰዱ ነው?"

"አዎ።"

"በየቀኑ?"

"አልኩዎት እኮ!"

መጠኑን ከፍ አደረገው። ያድርገው፣ የማይዋጥ ክኒን ቢጨምሩት ምን ያመጣል?

አልጋዬን የሚጋርደው መጋረጃ አጥሮ ግማሽ ላይ ቀርቷል። ጠርዙም ተተርትሯል። መርፌና ክር ቢሰጡኝ ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 26

የዛሬውን እንዴት ልጻፈው...

ጠዋት ዶክተር ሚደቅሳ ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣ። በእኔ ልብ ሊያስተምር። አልጋዬን ከበቡት። አንዷን ጠራና "አንቺ ጀምሪ" አላት። ቀና ስትል... ደሊና! የተክለብርሃን ልጅ። ነጭ ጋዋን ለብሳ።

"ጤና ይስጥልኝ። ስምዎን ይነግሩኛል?"

"ስሜ ጠፋሽ?"

ፊቷ ቀላ። ዶክተሩ "ትተዋወቃላችሁ?" አለ።

"አክስቴ ናት።"

"ነበርኩ" አልኩ።

እርስዎ ትለኛለች! በዚህ ጀርባ አዝዬ ያስተኛኋት ልጅ። ዶክተሩ ሌላ ተማሪ ልጥራ አለ። እምቢ አልኩ። "ትመርምረኝ። አባቷ ቆዳዬን ገፎ ጨርሷል፣ የቀረውን እሷ ታዳምጥ።" አንዱ ተማሪ ሳቀ። ደሊና አልሳቀችም።

እጄን ያዘች። ጥፍሬን አየች፣ የደም ስሬን ይዛ ቆየች። "ምቱ ወጥ አይደለም" አለች። የአልጋውን ራስ ከፍ አድርጋ አንገቴን ከጎን ትመለከት ጀመር። አንገት እንዲህ ይታያል? "የአንገቷ ደም ስር እስከ ጆሮዋ ስር ተወጥሯል። ደሙ ወደ ልብ መግባት ከብዶት ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው" አለች። መዳፏን ግራ ደረቴ ላይ አሳረፈች። "መዳፌን ያንኳኳል።" ከዚያ እግሬን በአውራ ጣቷ ተጫነችና ለቀቀች። እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩት። የሰው እግር አይተው አያውቁም?

የማዳመጫውን ብረት በእጇ አሸት አሸት አድርጋ አሞቀችው። ማተቤን ቀስ ብላ ወደ ትከሻዬ መለሰችው። "በግራ ጎንዎ ይዙሩ። ትንፋሽዎን ያስወጡና ይያዙ።" ያዝኩ። ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

"ምን ይላል?" አላት ዶክተሩ።

"በሁለቱ ምቶች መሃል ዝቅ ያለ ጉርምርምታ አለ... ልደታ ላይ ባቡሩ ከሩቅ ሲመጣ እንደሚሰማው።"

"ጥሩ። ልብ አራት ክፍል ቤት ናት" አላቸው። "ላይ ሁለት፣ ታች ሁለት። በላይኛውና በታችኛው መሃል በር አለ። የእሳቸው የግራው በር ጠንክሮ አልከፈት ብሏል። ደሙ ላይኛው ክፍል ይጠራቀማል፣ ከዚያ ሳንባ ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ትንፋሽ የሚያጥራቸው።"

የኛ ቤት ደግሞ ሦስት ክፍልና ሰርቪስ ነው፣ በሩን የዘጋው የዚህች ልጅ አባት ነው ልል ነበር። ተውኩት።

"በሩን ምን አበላሸው? በልጅነትዎ ጉሮሮዎን ያምዎት ነበር?"

አፌን ሳልከፍት ደሊና መለሰች። "አዎ። በኋላ ጉልበቷ አብጦ መራመድ አቅቷት ነበር። አባቴ ነው ክሊኒክ በጀርባው ያመላልሳት የነበረው።"

"ማን ጠየቀሽ?" አልኳት። ይህን ያወራላታል? ቤቴን ወስዶ፣ አዝያት ነበር ብሎ ያወራል?

ጥቅምት 27

እብጠቴ ጎደለ። ባልዲው ሲሞላ ዋለ። ደሊና ብቻዋን መጣች። የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ማን ፈቀደላት?

"አክስቴ፣ ክኒኑን አትውጪም።" አንቺ አለችኝ ዛሬ።

"እውጣለሁ።"

"በመርፌ እንዲህ የሚወጣልሽ ውሃ ቤት ሳለሽ ለምን አልወጣም? ትዋሻለሽ።"

ትዋሻለሽ! ለእኔ! ያኔ ከአፌ አመለጠኝ። አባትሽን ጠይቂው አልኳት። አግዳሚውን፣ ደረጃውን፣ አጭር ቀጠሮውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ጮኼ። ጎን የተኙት ሴትዮ ራዲዮናቸውን ዘጉ።

አንገቷን ደፋች። "ለእሱ ብነግረው..." አለች።

"እንዳትሞክሪው! እኔ ታች ስወርድ ጠብቆ መዝገቡን ያስዘጋዋል። ሐኪም የበሽተኛ ምስጢር ያወጣል?"

"አያወጣም።"

"እንግዲያው ዝም በይ።"

"ይህን ደግመሽ ካደረግሽው ግን ትሞቻለሽ" አለችኝ። እንዲሁ፣ ፊት ለፊት። ይሄን ድርቅናስ የወረሰችው ከኛ ነው።

ኅዳር 1

ልደታ ናት። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ የመጀመሪያ መውጣቴ። ከግቢው ጥግ ተቀምጬ አስቀደስኩ። ተክለብርሃን በወንዶች በኩል ቆሟል። ስንወጣ በአጠገቤ አለፈ። ፊቴን አላየም። ቁልቁል እግሬን አየ።

እግሬን ምን ያደርግለታል?

ገባኝ። በር ላይ ቆሜ ደሊና ጋ ደወልኩ።

"ነገርሽው?"

"አክስቴ፣ እግርሽ እንዴት ነው?"

"ነገርሽው ወይ!"

"ቀጠሮ ማራዘሙን እንዲተው ብዬ ነው... ይቅርታ።"

"ምን አለ?"

"ተነስቶ ወጣ።"

ስልኩን ዘጋሁባት። አሁን ምን ጎደለው? መቼ እንደምነሳ፣ ለምን እንደምነሳ ያውቃል። ጠበቃ አለው። እኔ ታች ስሆን አንድ ቃል ብቻ ነው የሚበቃው። ለጠላቴ ቢላዋውን አቀበለችው፣ የገዛ ወንድሜ ልጅ።

ኅዳር 10

ነገ ነው። ክኒኗ ጠረጴዛው ላይ ናት። ነጭ፣ ትንሽ።

ብውጣት ነገ ወርጄ መዝገቡ ይዘጋል። ባልውጣት... ዶክተር ሚደቅሳ ሲያሰናብተኝ "ሌላ ጊዜ እንዲህ ሆነው ከመጡ ላልደርስልዎት እችላለሁ" ብሏል። አይቀልድም እሱ።

ቆይ። ብሞት የሚወርሰኝ ማነው? ልጅ አልወለድኩ፣ ባል የለኝ፣ እናት አባት የሉ። ተክለብርሃን! ድርሻዬን ከነልብስ ስፌት መኪናዬ ጠቅልሎ ይወስዳል፣ ያውም ያለ ክርክር። ጥቁር ለብሶ ደግሞ ለቀስተኛ ይቀበላል።

በጭራሽ! ዋጥኳት። ነገም እውጣለሁ።

ኅዳር 11

ዋጥኩ። ሄድኩ። ተክለብርሃን ከጠበቃው ጋር ተቀምጧል። ምስክሩን ይዞ መጥቷል። ሰውነቴን ጨምድጄ ያዝኩት። ያዝኩት... አልቻልኩም። ስነሳ ጠበቃው አየኝ፣ ተክለብርሃንም አየኝ። እንግዲህ ደስ ይበላችሁ ብዬ ወረድኩ።

ታች ሰልፍ አለ። ጨርሼ ደረጃውን ስጀምር ከላይ ስሜን ሰማሁ። "ከሳሽ ወለተሃና!" አቤት ልል ትንፋሽ ከየት ይምጣ? የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምኩ። ልቤ ያን ባቡሯን ትነዳለች። እንደገና ተጠራ። ቀጥሎ ዝም አለ። ቤቱ ሄደ አልኩ። የአባዬ ቤት በሽንት ሄደ።

እንደምንም ችሎቱ በር ደረስኩ። ጠበቃው ቆሟል፣ "ከሳሽ ስላልቀረቡ መዝገቡ ይዘጋልን" እያለ ነው። ተክለብርሃን ከጎኑ ብድግ አለ። የጠበቃውን ክንድ ያዘ።

"አይዘጋም። መጥታለች። ሽንት ቤት ወርዳ ነው።"

ዳኛዋ ቀና አለች።

"የልብ በሽተኛ ናት፣ የተከበረው ፍርድ ቤት። የምትወስደው ክኒን ነው የሚያስኬዳት። ደረጃ ቶሎ መውጣት አትችልም። ይጠበቅልኝ።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ያን ሁሉ ሕዝብ ሰብስቦ ስለ ሽንቴ...

ከዚያስ? ከዚያማ ምስክሩን አቆመ። ሰርቪሱን ብቻውን እንደሠራው፣ እኔ አንድ ብሎኬት እንዳላቀበልኩ አስመሰከረ። ምንም አላዘነልኝም። እኔም መልሴን አልቀነስኩለትም። ለሌላ ቀን ተቀጠረ፣ የኔ ምስክር ሊሰማ።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኩት።

"በሰው ፊት አዋረድከኝ።"

"ታዲያ መዝገቡ ይዘጋ?" ስንት ዘመን ከኔ ጋር ያልተነጋገረ ሰው። ድምፁ ሸምግሏል።

"ሰርቪሱ የተሠራው በአባዬ ቆርቆሮ ነው።"

"በኔ ገንዘብ ነው። ዳኛ ይወስናል።"

"ይወስን!"

ሄደ። ከደረጃው አፍ ዞር ብሎ "ክኒንሽን ዋጪ" አለኝ። ጋሼ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አላወጣሁትም።

ኅዳር 12

ለምን አደረገው? ልጁ አስጨንቃው ይሆን? እግዚአብሔርን ፈርቶ? እህቱን በበሽታዋ ተጠቅሞ አሸነፋት እንዳይባል? ምንም ይሁን፣ አላመሰግነውም።

ደሊና ደወለች። አነሳሁ። "ክኒኑስ?" አለች። "ይዋጣል" ብዬ ዘጋሁ።

ታኅሣሥ 3

ቀጠሮ። ጠዋት ክኒኗን ከቁርስ ጋር ዋጥኩ። ጫማዬ ልክ ሆኗል። አግዳሚው ላይ ተክለብርሃን ፊት ለፊቴ፣ በጋዜጣው ተጋርዶ። ሰላም አልተባባልንም። ምስክሬ ከጎኔ ናት፣ ዛሬ የአባዬን ቆርቆሮ ትቆጥርለታለች።

ተራችን ሲቃረብ መጣብኝ። ተነሳሁ። አየሁት። ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ወደ ችሎቱ በር አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ። በአገጩ ወደ ደረጃው አሳየኝ።

ወረድኩ። ስመለስ ደረጃው ላይ አረፍ እያልኩ ነው የወጣሁት። አልቸኮልኩም።